የምርጫ መብት ታሪክን በጭውውት ላስተምር ብዬ አንዲት ልጅ አስለቀስኩ፤ እናንተ እንዴት ታደርጉታላችሁ?

ቾክ በኪሴ (ደሴ)
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ታሪክ አስተምራለሁ፤ 11ኛ ክፍል። ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር እስከዛሬ እየከነከነኝ ነው። እዚህ መምህር ስለሚበዛ ልጠይቅ ብዬ ነው።

የምርጫ መብት ታሪክ ላይ ስደርስ እንደ ድሮዬ ዓመተ ምሕረት በሰሌዳ ላይ ደርድሬ ማለፉ ሰለቸኝ። ልጆቹ 1923፣ 1948፣ 1979፣ 1987 እያሉ ይሸመድዳሉ። ፈተናው ሲያልቅ ደብተሩ ለሱቅ መጠቅለያ ይሸጣል፤ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። እና በጭውውት ልሞክረው አልኩ። ተማሪዎቼ 62 ናቸው። ፔሬዱ 40 ደቂቃ። ሁለት ፔሬድ መደብኩለት።

የመጀመሪያው ጥሩ ሄደ። ሦስት ዴስክ ወደ ፊት ስበን «ምክር ቤት» አልነው። ስድስት ልጆች መኳንንትና ሹማምንት ሆኑ፤ 56ቱ ሕዝብ። የሐምሌ 9 ቀን 1923ቱ ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ ይላል። ስድስቱ ተንሾካሾኩ፣ መረጡ፣ ጨረሱ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ መብቃታችንን የሚለካው ማነው?» አለ። ደስ አለኝ። ለዚህች ጥያቄ ነበር ያን ሁሉ የለፋሁት።

ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ያችን ጥያቄ ይዤ ወደ አሜሪካ ሄድኩ። ሚሲሲፒ። ጥቁሮች (ያኔ ወንዶቹ) እ.ኤ.አ. በ1870 በፀደቀው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ድምፅ የመስጠት መብት አግኝተዋል። ግን በ1890 የግዛቱ ሕገ መንግሥት አንድ ወጥመድ አስገባ። ለመመዝገብ የሚመጣ ሰው መዝጋቢው ከሚመርጥለት አንቀጽ አንብቦ ወይም ሲነበብለት ሰምቶ ትርጉሙን ያስረዳል። በቂ ነው፣ በቂ አይደለም የሚለው መዝጋቢው ብቻ ነው።

እኔም የኛኑ ሕገ መንግሥት አመጣሁ። በፌስታል ባቄላና ሽምብራ ቀላቅዬ ዕጣ አስወጣኋቸው። ባቄላ የደረሰው አንቀጽ 5ን ያነባል፤ ስለ ቋንቋ ነው፣ ሁሉም ይገባዋል። ሽምብራ የደረሰው አንቀጽ 99ን፤ ለማንም ተለይተው ስላልተሰጡ የግብርና የታክስ ሥልጣኖች። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ። መዝጋቢውን ደግሞ የክፍል አለቃውን አደረግኩት።

ልጁ ጨዋ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ሆነ። እግሩን አነባበረ። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ»፣ «አልሰማሁም፣ ድገመው» ማለት ጀመረ። ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ከኩታበር ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ሽምብራ ደረሳት። እንኳን በጭውውት በሌላውም ቀን ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። ሁለተኛው መስመር ላይ ተንተባተበች። አለቃው «አንቺ ስንቅሽን ይዘሽ ወደመጣሽበት» አላት። ይህን እኔ አልጻፍኩለትም። ክፍሉ ፈነዳ። እኔ ቾክ እንደያዝኩ ቆምኩ። አሥር ሰከንድ ይሆናል። ወረቀቷን ዴስኩ ላይ በቀስታ አስቀምጣ ወጣች።

ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕ መጣች፤ ከኋላ ተቀመጠች።

ዘዴው ነው ስህተቱ ወይስ እኔ?


የሐይቁ ሲቪክስ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡02

አብሽር ወንድሜ፣ አንተ ብቻ አይደለህም። እኔም ከአምስት ዓመት በፊት እዚያው ጉድጓድ ገብቻለሁ።

ስህተቱ መዝጋቢውን ልጅ ማድረግህ ነው። ልጅ ሥልጣን ስትሰጠው የሚያውቀውን ሥልጣን ነው የሚጫወተው። ሚሲሲፒን አያውቅም። የሚያውቀው ዩኒት ሊደሩን ነው፣ በር ላይ ዩኒፎርም የሚፈትሸውን ዘበኛ ነው። ስለዚህ «ስንቅሽን ይዘሽ» የወጣው ከታሪክ ሳይሆን ከሰፈር ነው።

እኔ አሁን መዝጋቢ የሚባል ሰው የለኝም። ደንብ ብቻ። ሁሉም ወረቀት ይወስዳል፣ ይጽፋል፣ ያስረክባል። በማግስቱ ውጤቱን በር ላይ እለጥፋለሁ። አንድ ዓይነት መልስ የጻፉ ሁለት ልጆች፣ አንዱ «አልፏል»፣ አንዱ «አላለፈም»። ምክንያት የለም። ተናደው ወደኔ ሲመጡ «ቅሬታ ማቅረቢያው የት ነው?» ይሉኛል። የለም። ትምህርቱ ያኔ ይጀምራል። ማንም በማንም አይስቅም፤ የሚናደዱት በወረቀቱ ነው።


ባቲ ሰኞ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡15

እኔ መምህር አይደለሁም፣ ወላጅ ነኝ። ወላሂ የኔ ልጅ ብትሆን በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ነበርኩ። ልጅ የምንልከው እንድትማር ነው እንጂ ስንቋ እንዲቆጠር አይደለም። ይቅርታ ጠይቀሃታል?


ቾክ በኪሴ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡31

@ባቲ ሰኞ ልክ ነዎት። ረቡዕ ከክፍል በኋላ ለብቻዋ ጠየቅኳት። «ምንም አይደል ቲቸር» አለች። እኛ አገር «ምንም አይደል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። አለቃውም ሄዶ ይቅርታ ጠይቋታል፤ እኔ ሳልልከው።


እመት ኮምቦልቻ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡10

እኔ ከሐይቁ ትንሽ እለያለሁ። ሰው ከሌለበት ጭውውት አይደለም፣ ፈተና ነው። ልጆቹ መቆም አለባቸው፣ መናገር አለባቸው። ግን ሦስት ነገር ካልተያዘ ባይጀመር ይሻላል።

ክፉውን የሚጫወት ልጅ ከራሱ አንድ ቃል አይጨምርም። ሁሉንም ጽፌ እሰጠዋለሁ። «ቀጣይ»፣ «አንብብ»፣ «በቂ አይደለም»። በቃ። ደግሞ እመኑኝ፣ ስድብ የሌለበት «በቂ አይደለም» ከስድቡ በላይ ያንገበግባል።

ሁለተኛ፣ ከሚናው መውጫ ይኑር። እኔ ጋ የተጫወተ ሁሉ አንገቱ ላይ ሻሽ ያስራል። ሲያልቅ ሻሹን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና የራሱን ስም ጮክ ብሎ ይናገራል። የሞኝ ጨዋታ ይመስላል፤ ይሠራል። አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ጄን ኤሊየት የምትባል መምህርት ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግስት እ.ኤ.አ. በ1968 ሕፃናቱን በዓይናቸው ቀለም ከፍላ፣ አንዱን ቡድን ከሌላው እያበላለጠች ያደረገችውን ታውቁታላችሁ። እስከዛሬ የሚያሟግተው፣ ልጆቹ ከዚያ ቀን እንዴት ወጡ የሚለው ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ነው። ጭውውቱ 15 ደቂቃ ከሆነ ወሬው 25 ይሁን። አንተ፣ አትቆጣኝና፣ ደወሉ እስኪደወል የተጫወታችሁ ይመስለኛል።

ደግሞ ሚሲሲፒን ካነሳህ በባዶው አታንሳው፤ ሰው ይኑርበት። ፋኒ ሉ ሄመር። የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1962፣ በ44 ዓመቷ፣ ከ17 ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ወደ ኢንዲያኖላ ለመመዝገብ ሄደች። መዝጋቢው «ዲ ፋክቶ» ስለሚባሉ ሕጎች የሚያወራ አንቀጽ ሰጣት። ኋላ ስትናገር፣ እኔ ስለዚያ የማውቀው ፈረስ ስለ ገና የሚያውቀውን ያህል ነበር ብላለች። ወደቀች። የዚያኑ ዕለት 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች። ተመልሳ ሄዳ በሚቀጥለው ዓመት አለፈች። ይህን ስትነግራቸው «ገጠሬ» እያሉ የሚስቁት ልጆች ዝም ይላሉ። ጀግናዋ ራሷ ገጠሬ ናታ።


ቶሳ ላይ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡22

የኛ ፈረስ ግን ጥምቀትን ያውቃል 😀


ደላንታ 5ለ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡05

እኔ የሰልማን (አሜሪካ፣ አላባማ) የድምፅ መብት ሰልፍ አሠርቼ ነበር። ማርች 7፣ 1965። ሰልፈኞቹ ኤድመንድ ፔተስ ድልድይን ተሻግረው ሲወርዱ ፖሊስ የደበደባቸው። አራት ዴስክ አጋጥመን ድልድይ አልነው። ልጆቹ 5ኛ ክፍል ናቸው። «ፖሊሶቹ» ለማስመሰል አልተጫወቱም፣ የምር ገፉ። ሁለት ዴስክ ተሰበረ፣ የአንዱ ልጅ ክርን ተላጠ። የዴስኩን ማስጠገኛ ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ድብደባ ያለበትን በቃል ነው የማስተምረው።


ቶሳ ላይ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡40

እኔ ደሴ ተምሬ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። የምርጫ ታሪክ ስንማር አንድም ቀን ጭውውት አልሠራንም፤ ስለዚህ ቲቸር በመሞከሩ ብቻ አከብረዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምን ሚሲሲፒ? የኛ አነሰ? የተማሪ ፓርላማ በየትምህርት ቤቱ አለ። እኛ ጋ ፕሬዚዳንቱን የመረጡት መምህራን ናቸው። ስሙን በሰልፍ ላይ ሰማን፤ አጨበጨብን። 1923 እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ።

ደግሞ አንድ ነገር። ብዙ ሰው የሚሲሲፒን ፈተና ሲያወራ «አንድ ሳሙና ስንት አረፋ ያወጣል» ተብለው ይጠየቁ ነበር ይላል። ቲቸር ይህንንም አስገብተኸው ይሆን?


የሐይቁ ሲቪክስ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡15

የሳሙናዋን ተዋት። በአፍ የሚወራ ነው፤ ልጆቹ እንደ ቀልድ ይይዙትና ዋናውን ይረሳሉ። ዋናው ጥያቄው አስቂኝ መሆኑ አይደለም። ጥያቄው የሕግ አንቀጽ ነው፣ ደንበኛ ወረቀት ነው፣ ማኅተም አለው። ክፋቱ አለማሳቁ ላይ ነው።

ቁጥሩን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1965ቱ የድምፅ መብት ሕግ በፊት ሚሲሲፒ ውስጥ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ 100 ጥቁሮች የተመዘገቡት 7 ገደማ ነበሩ። ሕጉ ያንን ፈተና አስቀርቶ የፌዴራል መዝጋቢ ላከ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ 60 ገደማ ደረሱ። ሰዎቹ በሁለት ዓመት ፊደል አልቆጠሩም። የተቀየረው ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ነገር ነው። እኔ 100 የበቆሎ ፍሬ በትሪ ላይ አድርጌ 7ቱን ለብቻ እለያለሁ። ከዚያ 60። ሌላ ቲቺንግ ኤይድ አያስፈልግም።

«ለምን ሚሲሲፒ» ላለው፦ ሩቅ ስለሆነ ነዋ። ልጆቹ ስለ ሩቅ አገር ሲያወሩ የማንም አባት አይነካም። ከዚያ ራሳቸው ወደ ቤት ያመጡታል።


ጡረተኛው (ወልድያ)
ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡30

ልጆቼ፣ ስታወሩ እየሰማኋችሁ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬ ነው የወጣሁት። ስልኩን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ስህተት ካለ የሱ ነው።

እኔ በጃንሆይ ጊዜ አንድ ጊዜ መርጫለሁ። ሰኔ 1965። ዕድሜዬ 22፤ የሚፈለገው 21 ነበር። የጥቅምት 1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው ይህን የሰጠን፤ ወንዱም ሴቱም ይመርጣል። በወረቀት ሳየው ዛሬም ደስ ይለኛል። ፓርቲ የሚባል ግን አልነበረም። ሰው ነው የሚወዳደረው። ለመወዳደርም በአካባቢው ንብረት ያስፈልጋል። ጭሰኛ ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። አባቴ መሬቱን የሚያርስለትን ሰው መርጦ መጣና እናቴ «ምነው?» ብትለው «ሌላ ማን አለ?» አላት።

አሁን የምነግራችሁ ግን ሌላውን ነው። ያ ሰኔ የርሃቡ ሰኔ ነው። ከቆቦ ወደ ወልድያ በሚመጣው መንገድ ዳር ሰው ተኮልኩሏል። ከየገጠሩ የወጣ። እኔ ድምፅ ልሰጥ ተሰልፌ ከማዶ አንድ ሰው አጥር ተደግፎ ተቀምጧል። ጋቢው ብቻ ነው ሰው የሚያስመስለው። ዕድሜው ከ21 ያልፋል፤ የመምረጥ መብት አለው። እኔ ወረቀቴን ሰጥቼ ስመለስ እዚያው ነበር። ማታ ሳልፍ አልነበረም። የት እንደሄደ አልጠየቅኩም።

ያ የመረጥነው ምክር ቤት ዓመት ከጥቂት ወር ሳይቆይ ደርግ አፈረሰው።

መምህር፣ ጭውውትህ ላይ ለሁሉም ሚና ሰጥተሃል። መራጭ አለህ፣ መኳንንት አለህ፣ መዝጋቢ አለህ። መብት እያለው ሰልፉ ላይ መቆም ያቃተውን ሰው የት አስቀመጥከው?


ቾክ በኪሴ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡12

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለልጆቹ እንዳለ ባነብላቸው ይፈቅዱልኛል? በጭውውት አላደርገውም። ማንንም ልጅ ያንን አላስጫውትም። በርስዎ ቃል አነበዋለሁ።


ጡረተኛው (ወልድያ)
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡00

አንብብላቸው። ስሜን ግን አትጥራ።


ደላንታ 5ለ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡25

ጋሼ ስለ ሴቶቹ ካነሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ የኔ ሴት ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይነቃቃሉ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በፈረንጅ 1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። የተማሩት ስዊዘርላንድ ነው። ስዊዘርላንድ ደግሞ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሰጠችው በ1971 ነው! አስተማሪዎቻቸው ገና ድምፅ ሳያገኙ ተማሪያቸው የሕዝብ እንደራሴ ሆነች።


እመት ኮምቦልቻ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡40

ደላንታ፣ ደስ የሚል ነው። ግን ወረቀቱ አያታልለን። ቶሳ ላይ «የኛስ» ስላለ የኔን ልንገራችሁ።

በእናቴ ሰፈር ቅሬ (የኛ እድር) ሴቶቹ ያዋጣሉ። ሐዘን ሲደርስ እንጀራውን የሚጋግሩት፣ ንፍሮውን የሚቀቅሉት፣ ውሃውን የሚቀዱት እነሱ ናቸው። የቅሬ ዳኛ ሲመረጥ ግን ወንዶቹ ዋርካው ስር ይቀመጣሉ። «ቤቱን የሚወክለው አባወራው ነው» ይባላል። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። አባቴ ሲሞት ቤቱን የሚወክል ወንድ ጠፋ። ያኔ እናቴ ዋርካው ስር ተቀመጠች። ግን መዝገቡ አልተቀየረም። ስም ሲጠራ የአባቴ ስም ይጠራል፤ እናቴ «አቤት» ትላለች። አባቴ ከሞተ 14 ዓመቱ ነው።

ጭውውት ከፈለጋችሁ ይኸው። ዋርካ፣ መዝገብ፣ ስም ጠሪ። ማንም አይሰድብም። ማንም አይገፋም። ስም ይጠራል፣ በሌላ ሰው ስም «አቤት» ይባላል።


ባቲ ሰኞ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡58

እህቴ፣ እኛም ሰፈር እንደዚያው ነው። አሁን ሳስበው ባለቤቴ 20 ዓመት ሙሉ አዋጥታ አንድም ቀን እጇን አላወጣችም። ዛሬ ልጠይቃት ነው።


ባቲ ሰኞ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጠየቅኳት። «አሁን ነው የታየህ?» አለችኝ። እራቱ ቀዝቅዞ ነው የቀረበው።


አወያይ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ዛሬዎቹ ፓርቲዎች የተጻፉ ሁለት መልሶችን አንስቻለሁ። ክሩ ስለ ማስተማር ነው፤ በዚሁ እንቀጥል። ጥሩ እየሄደ ነው።


የሐይቁ ሲቪክስ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡45

ያነሳኸው ጥሩ ነው፤ ክፍል ውስጥም ያው ችግር ስለሚመጣ ዘዴዬን ልጻፍ። ልጅ «ማንን እንመርጣለን» ብሎ ወደ ዛሬ ሲጎትትህ፣ ድምፅ የሚሰጥበትን ጉዳይ ከግቢ ውጭ አታውጣው። እኔ «ሞዴል ፈተናው ቅዳሜ ይሁን?» ብዬ ነው የማስመርጠው። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን ክፍል ጠርቼ ፊት ለፊቱ በእጅ። 58 ልጆች ነበሩ፤ 51 እጅ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ ያንኑ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ፣ በካርቶን ውስጥ። 17።

ከዚያ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 38 አውጡ እላለሁ። 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል ይላል። እዚያው ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው ይላል። «ምስጢር» የሚለውን ቃል ድሮ ዝም ብለው ነው የሚያልፉት። ከዚያ ቀን በኋላ አንዷ በእስክሪብቶ ከበበችው።


ቶሳ ላይ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡10

51 እና 17 😂 ርዕሰ መምህሩ ሰሙ?


የሐይቁ ሲቪክስ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ሰሙ። ፈተናው ግን ቅዳሜ ሆነ።


ቾክ በኪሴ (ደሴ)
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ቃል ገብቼ ስለነበር ተመለስኩ። ሁሉንም አንብቤ ሌሰን ፕላኑን ከሥር ጀምሬ ጻፍኩት። የሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን የእመት ኮምቦልቻን ዋርካ ሠራን። 62ቱን በ15 ቤት ከፈልኩ። መዝገቡ ላይ በየቤቱ አንድ ስም አለ። የቅሬው ዳኛ ሲመረጥ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው። መዋጮው ግን ከሁሉም ይሰበሰባል፤ ጠመኔ ነበር የሚያዋጡት። ስም ጠሪዋ ሴት ነበረች፤ «ቤት 9» ስትል ስሙ የተጻፈው ልጅ «ሞቷል» የሚል ካርድ ደርሶት ዝም አለ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ተያዩ። አንደኛዋ «አቤት» አለች። ማንም አልሳቀም። «ስሙ በስሟ ይቀየር» የሚል ጥያቄ ከወንዶቹ መጣ። 13 ደቂቃ ተከራከሩ። መቀየር አለበት ያሉት ሁሉ ድምፅ የሌላቸው፣ ይቆይ ያሉት አብዛኞቹ መዝገብ ላይ ያሉት ነበሩ። ጨዋታ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን ወንበሩ ያናግራቸዋል። ሻሹን ሲፈቱ አንደኛው «እኔ ቤት ውስጥ እንዲህ አላስብም፣ ምን ነካኝ?» አለ።

በሁለተኛው ቀን የጋሼን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። አስተያየት አልጠየቅኩም። ቾኬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ጸጥታው ረዘም አለ። ከዚያ አንዱ «አያቴ ከዚያ ርሃብ ነው የተረፈችው» አለ። ሌላውም። ሌላዋም። ጋሼ፣ አሥራ አንድ ልጆች ናቸው። እኔ በዚህ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሳስተምር አላወቅኩም ነበር።

ሦስተኛው ቀን ሚሲሲፒ ነው። ልተወው ነበር። ከዚያ በሐይቁ ዘዴ በወረቀት ብቻ ላደርገው ወሰንኩ፤ መዝጋቢ የለም። የሄመርን ታሪክ ነገርኳቸው፤ የበቆሎዋንም ትሪ አሳየሁ። ወረቀቱን ላድል ስል ከኋላ እጅ ወጣ። እሷ ናት። የኩታበሯ።

«ቲቸር፣ መዝጋቢ እኔ ልሁን።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። እምቢ ልበል አልኩ። ግን ያን ቀን ዝም ብዬ አሥር ሰከንድ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ምን ብዬ ልከልክላት? የእመት ኮምቦልቻን ሦስት ቃላት በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። «ቀጣይ»፣ «አንብብ»፣ «በቂ አይደለም»። አራተኛ «አልፏል» ጨመርኩ። ሻሹን አሰረች። ቀይ እስክሪብቶ ከደብተሯ አወጣች።

አምስት ልጆች ቀረቡ። ሦስቱን አሳለፈች፣ ሁለቱን ጣለች። ድምጿ ያው ቀጭኗ ድምፅ ነው፤ ግን ክፍሉ ጸጥ ስላለ ይሰማል። ስድስተኛው የክፍል አለቃው ነበር። ሽምብራ ነው የደረሰው። አንቀጽ 99ን አነበበ። ተዘጋጅቶበት ነበር መሰለኝ፣ ከኔ በተሻለ ተረጎመው። የትኛውም መምህር ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል።

ለትንሽ ጊዜ አየችው። «በቂ አይደለም» አለች። «ቀጣይ።»

ክፍሉ ጮኸ። «ኧረ በትክክል ነው የመለሰው!» «ቲቸር፣ በቀል ነው!» እኔም በቀል መሰለኝ። ሻሹን ካስፈታኋት በኋላ ጠየቅኳት፤ ሁሉም እየሰማ። «በደንብ መልሷል» አለች። «ታዲያ ለምን ጣልሽው?» ስላት ወረቀቱን አነሳችና ደንቡ የተጻፈበትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። «በቂ ነው አይደለም የምለው እኔ ነኝ። ለምን ብዬ እንድናገር ደግሞ የሚያስገድደኝ ነገር የለም።»

አለቃው የተናገረው ቃል አንድ ነው። «ልክ ናት።»


እመት ኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ጠጉሬ ቆመ።


የሐይቁ ሲቪክስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

ለመዝጋቢ ልጅ አትስጥ ያልኩህን ግማሹን አነሳሁ። ግማሹን ብቻ። በሌላ ክፍል ሌላ ልጅ ብትሆን በቀል ሊሆን ይችል ነበር፤ አንተም ዕድለኛ ነህ።


ቾክ በኪሴ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

በቀል ይኑርበት አይኑርበት አሁንም አላውቅም። አልጠየቅኳትም።


ደላንታ 5ለ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

የዋርካውን ካርድና የስም መዝገቡን በፒዲኤፍ ብትለጥፍልን? ለ5ኛ ክፍል አሳጥሬ ልሠራው ነው። ዴስክ የሚሰበርበት ነገር የለውም አይደል?


ቾክ በኪሴ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ነገ ከትምህርት ቤት ስካን አድርጌ እለጥፋለሁ፤ መብራት ካለ። ዴስክ አይሰበርም። ባቄላውንና ሽምብራውን ግን ራሳችሁ ግዙ፤ የኔን ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ቆርጥመው ጨርሰውታል።